ሃያቡሳ ላይ ቱርቦ፦ በሱሉልታ አየር 300 የፈረስ ጉልበት ይገኛል?

የሱሉልታው — ጥቅምት 4

ጤና ይስጥልኝ። ጋራዤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ፣ ሱሉልታ ከተማ ጫፍ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ሲገደብ ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደዚህ ወጣሁ። ቀን ቀን የገበሬውንም የነጋዴውንም ሞተር እጠግናለሁ፤ ማታና እሑድ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያሰብኩት አንድ ሞተር ላይ ነኝ።

የመጀመሪያው ትውልድ ሱዙኪ ሃያቡሳ ነው። 1,299 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 63 ሚሊሜትር፣ የመጭመቅ ምጣኔው 11 ለ 1። ከፋብሪካ ሲወጣ 175 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረው። አሁን ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ክራንክሻፍቱ ንጹሕ ነው፤ ብሮንዚናዎቹ ይቀየራሉ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ተጭሯል።

ሐሳቤ ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) አስገብቼ 300 የፈረስ ጉልበት ማውጣት ነው። ለሕዝብ መንገድ አይደለም፤ በተዘጋ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ለሚደረግ የፍጥነት ውድድር ብቻ ነው። ቱርቦውን ሶማሌ ተራ አገኘሁት። ከቤንዚን መኪና የወጣ ነው፣ የመጭመቂያው መንኮራኩር 60 ሚሊሜትር፣ ዘንጉ አይነቃነቅም። የአምራቹን ካርታም፣ ቱርቦው በየትኛው ግፊት ስንት ኪሎ አየር መግፋት እንደሚችል የሚያሳየውን ሥዕል፣ አግኝቼ አትሜዋለሁ።

ስሌቴ እንዲህ ነው፦ 1 ባር ግፊት ብጨምር ሞተሩ የሚውጠው አየር እጥፍ ይሆናል። ለሙቀትና ለሌላ ብክነት ጥቂት ብቀንስ 300 አካባቢ እደርሳለሁ። የመጭመቅ ምጣኔውን ለመቀነስ ደግሞ ከሲሊንደሩ ብሎክ ሥር የአሉሚኒየም ሳህን ላስገባ ነው። ውፍረቱ ስንት ይሁን? ሌላም ስህተት ካለ ፒስተን ከመቅለጡ በፊት ንገሩኝ።

---

ቶርኖ ቤት — ጥቅምት 4

ወንድሜ፣ የሳህኑን ነገር ከእኔ ውሰድ፤ አቃቂ ውስጥ ቶርኖና ፍሬዛ ላይ ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ።

የአንዱ ሲሊንደር ይዘት 1,299 ለአራት ሲካፈል 324.7 ሲሲ ነው። በ11 ለ 1 ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ 32.5 ሲሲ ይሆናል። 9 ለ 1 ካልክ 40.6 ሲሲ ያስፈልግሃል፤ ስለዚህ 8.1 ሲሲ መጨመር አለብህ። የ81 ሚሊሜትር ክብ ስፋት 51.5 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ሲካፈል 1.6 ሚሊሜትር ይመጣል። 9.5 ለ 1 ይበቃኛል ካልክ 1.1 ሚሊሜትር።

ነገር ግን ሳህን ዋጋ ያስከፍላል። አንደኛ፣ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር የሚፈጥረው ጠባብ ክፍተት ይሰፋል። አየሩንና ነዳጁን እየጨመቀ ወደ ካንዴላው የሚገፋው ያ ክፍተት ነው፤ ሲሰፋ ቃጠሎው ይዘገያል፤ የዘገየ ቃጠሎ ደግሞ ለማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ጊዜው በራሱ ለመፈንዳት) ይመቻል። ሁለተኛ፣ ብሎኩ ከፍ ሲል የካምሻፍቱ ሰንሰለት ይወጠራል፤ የቫልቮላዎቹ ሰዓትም ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። የካምሻፍት ጥርሶቹን ቀዳዳ ሞርደህ ማስተካከል ይኖርብሃል።

ሦስተኛው ሲሊንደር ተጭሯል ብለሃል። እንግዲያው ፒስተን መግዛትህ አይቀርም። ለቱርቦ ተብሎ በቀጥቅጥ የተሠራ፣ አናቱ ዝቅ ያለ ፒስተን አስመጣና ሳህኑን ተወው። የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበት) ክፍተት ከፋብሪካው ልክ አስፋው፤ ለዚህ ስፋት 0.45 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የፒስተኑ አምራች የሚሰጠውን ሰንጠረዥ ግን አስቀድም። ጠባብ ከሆነ ሲግል ጫፍና ጫፉ ይገጥማል፤ ከዚያ የፒስተኑን ትከሻ ገንጥሎ ይወጣል። ባለፈው ክረምት እንዲህ የሆነ ፒስተን አንድ ደንበኛ አምጥቶልኝ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ማንም እንዲያይ የማልመኘው ነገር ነው።

---

ስሌት — ጥቅምት 5

የሱሉልታው፣ ሥራህ ደስ ይላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አንድ ነገር ተዘልሏል፤ እሱም የምትተነፍሰው አየር ነው።

የአንተ ጋራዥ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 1.01 ባር ሲሆን አንተ ዘንድ 0.73 ባር ገደማ ነው። 175 የተባለው የፈረስ ጉልበት የተለካው ለባሕር ወለል ነው። ያው ሞተር ሱሉልታ ላይ ምንም ሳይጎድለው 130 አካባቢ ነው የሚሰጠው።

አሁን 1 ባር ጨምር። ማኖሜትሩ የሚያሳይህ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ሞተሩ የሚያየው ፍጹም ግፊትን ነው፦ 0.73 ሲደመር 1፣ ማለትም 1.73 ባር። የቱርቦ መጽሐፍ የጻፈ ሰው በባሕር ዳርቻ 1 ባር ሲጨምር ሞተሩ 2.01 ያያል። የአንተ ማኖሜትርና የእሱ ማኖሜትር አንድ ቁጥር ያሳያሉ፤ ሞተሮቹ ግን አንድ ዓይነት አየር አይውጡም።

በ10,000 ዙር ሞተርህ በደቂቃ 6,170 ሊትር ያህል ይውጣል (በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚስብ 1.299 ሊትር በ5,000፣ ሲሊንደሩ 95 በመቶ ሞላ ብለን)። ኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ወደ 45 ዲግሪ ካቀዘቀዘልህና ፍጹም ግፊቱ 2.0 ባር ከሆነ፣ ያ አየር 13.5 ኪሎ ይመዝናል። በቤንዚን በደቂቃ አንድ ኪሎ አየር 22 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። 300 የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1.73 ግን 260 አካባቢ ትቀራለህ።

---

የሱሉልታው — ጥቅምት 5

ወንድሜ ስሌት፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ገባኝ። እንግዲያው መልሱ ቀላል ነው ማለት ነው፤ 1 ባር በማለት ፈንታ 1.27 እጨምራለሁ። ቱርቦው 300 እንደሚችል አምራቹ ራሱ ጽፏል።

---

ስሌት — ጥቅምት 5

እህትህ ነኝ።

አምራቹ የጻፈው እውነት ነው፤ ግን ካርታውን የሣለው ለወፍራም አየር ነው። ነገሩ ሁለት በር አለው፤ አንተ ያየኸው አንዱን ነው።

የመጀመሪያው በር የግፊት ምጣኔ ነው። በባሕር ወለል ላይ 2.0 ባር ለማግኘት፣ የኢንተርኩለሩን ብክነት ጨምረን፣ መጭመቂያው አየሩን 2.07 ጊዜ ይጨምቀዋል። አንተ ዘንድ ማጣሪያውን አልፎ የሚገባው 0.72 ነው፤ ወደ 2.07 ባር ለማድረስ 2.87 ጊዜ መጭመቅ አለበት። አየር በተጨመቀ ቁጥር ይግላል። የመጭመቂያውን ብቃት 72 በመቶ ብዬ፣ ከውጭ የሚገባውን አየር 16 ዲግሪ አድርጌ ስሠራው፣ በባሕር ወለል ምጣኔ ከቱርቦው የሚወጣው አየር 110 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በአንተ ምጣኔ ከ150 ያልፋል። የሱሉልታ ብርድ ያተረፈልህን ሁሉ ይህ ይበላዋል።

ሁለተኛው በር ብዙዎች የሚስቱት ነው። በካርታው አግድም መስመር ላይ ያለው የኪሎ ቁጥር የእውነት ኪሎ አይደለም። በ0.96 ባር ገደማ አየር ቢሆን ኖሮ ተብሎ የተስተካከለ ኪሎ ነው። መንኮራኩሩ የሚያውቀው በአፉ የሚገባውን የአየር ብዛት፣ ይዘቱን ነው። ቀጭን አየር ለተመሳሳይ ክብደት ብዙ ይዘት ይፈልጋል። ስለዚህ 13.5 ኪሎህን ለ0.77 ገደማ አካፍል (ግፊትና ሙቀት አንድ ላይ ሲሰሉ እዚህ ይደርሳል)፤ 17.5 ኪሎ ይመጣል። ካርታህን ዘርጋና ከ17.5 ወደ ላይ፣ ከ2.87 ወደ ቀኝ መስመር ስበህ የሚገናኙበትን እየው። ከዚያ ንገረኝ።

---

የሱሉልታው — ጥቅምት 6

ሳብኩት። የሚገናኙት ከካርታው ውጭ ነው። ከቀኝ ጠርዝ አልፎ ባዶ ወረቀት ላይ።

ሌሊቱን ሙሉ ነጥቡን እያየሁ ነው ያደርኩት። ባላየው ኖሮ ሞተሩን ሁሉ ገጥሜ፣ ቱርቦውን ከአቅሙ በላይ እያሽከረከርኩ፣ ጉልበቱ የት ገባ እያልኩ ካንዴላና ነዳጅ ስቀያይር እከርም ነበር።

---

አዳማ መንገድ — ጥቅምት 6

መፍትሔው ቅርብ ነው። የናፍጣ መኪና ቱርቦ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ ትልቅ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከፍተኛ ግፊት ለመስጠት የተሠራ ነው። አንዱን ግዛና ጨርስ።

---

አሮጌው ቫልቮላ — ጥቅምት 7

ልጆቼ፣ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የናፍጣ ቱርቦ የሚኖረው በናፍጣ ጭስ ውስጥ ነው፤ የናፍጣ ጭስ ሲበዛ 800 ዲግሪን ትንሽ ያልፋል። ጫና ላይ ያለ የቤንዚን ሞተር 950 ይሰጣል፣ ሲብስ ከዚያም በላይ። ለ800 ተብሎ የተቀለጠ ብረት 950 ላይ ሲቆይ የተርባይኑ ቤት ይሰነጠቃል፤ የመንኮራኩሩ ክንፍ ይለጠጥና ግድግዳውን ይነካል። ያ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ እየተሽከረከረ ነው። በሞተር ብስክሌት ላይ ቱርቦው ያለበትን ቦታ አስቡት፤ ከነጂው እግሮች አጠገብ ነው። ርካሽ ተብሎ የሚገባበት ቦታ አይደለም።

ቱርቦ በሁለት ጎማ ላይ አዲስ ነገር አይደለም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲኤክስ500 ቱርቦን ለገበያ አወጣ፤ ያማሃም፣ ሱዙኪም ተከተሉ፤ ካዋሳኪ በ1984 ያቀረበው 750 ቱርቦ 112 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አራቱም ተዉት። ውድ ነበር፣ ከባድ ነበር፣ ጉልበቱም ዘግይቶ በድንገት ይመጣ ነበር። እኔ በወጣትነቴ ከእነዚያ አንዱን በውጭ አገር ነድቻለሁ። ጋዝ ትሰጠዋለህ፣ ምንም የለም፤ ከዚያ መታጠፊያው መሐል ላይ ይመጣል። እጄ እስካሁን ያስታውሰዋል። ቀጥ ባለ ዝግ መንገድ ላይ ብቻ እነዳለሁ ማለትህን የወደድኩልህ ለዚህ ነው።

አሁን የምጠይቅህ፦ የዘይቱን መመለሻ አስበህበታል? በመኪና ላይ ቱርቦው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ዘይቱ በራሱ ክብደት ወደ ካርተሩ ይወርዳል። በሃያቡሳ ላይ ግን ጭስ ማውጫው ከሞተሩ ፊት ዝቅ ብሎ ነው፤ ቱርቦውም ከዘይቱ ከፍታ ጋር እኩል፣ አንዳንዴም በታች ይሆናል። ዘይት ካልወረደ በማኅተሙ በኩል ያልፍና በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሰውም ቱርቦው ሞተ ብሎ ሌላ ይገዛል። ከቱርቦው ሥር ትንሽ የመሰብሰቢያ ጽዋ አብጅና በኤሌክትሪክ ፖምፓ ምጠጠው። ፖምፓው ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለአንድ ደቂቃ ይሥራ።

---

የሱሉልታው — ጥቅምት 7

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽዋውን እንዳሉት እሠራለሁ። የመግቢያውስ ዘይት? ፍሪሲዮኑ የሚነከርበት ዘይትና ቱርቦው የሚጠጣው ዘይት አንድ መሆኑ ያሳስበኛል።

---

አሮጌው ቫልቮላ — ጥቅምት 7

የሚያሳስብ ነው። የፍሪሲዮኑ ብናኝ በዘይቱ ውስጥ ይዞራል። ወደ ቱርቦው በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ላይ የራሱ ትንሽ ማጣሪያ አድርግ፤ ዘይቱንም ከእያንዳንዱ የውድድር ቀን በኋላ ቀይር። ዘይት ከቱርቦ ይረክሳል። ቱርቦህ በኩሽኔታ የሚዞር ከሆነ ደግሞ መግቢያው ላይ 1 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ዘይት አይወድም።

---

ስሌት — ጥቅምት 8

የሱሉልታው፣ ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ 71 ሚሊሜትር አካባቢ መንኮራኩር ያለው ቱርቦ መፈለግ ነው፤ 300ህን ታገኛለህ፣ ግን ዘግይቶ ይነሣል። ሌላው ያለህን ቱርቦ ይዘህ ግብህን ዝቅ ማድረግ ነው።

ሁለተኛውን ሠርቼልሃለሁ። ፍጹም ግፊት 1.70 ባር። በደቂቃ 11.5 ኪሎ አየር፣ 255 የፈረስ ጉልበት ያህል። ሱሉልታ ላይ የግፊት ምጣኔው 2.46፣ የተስተካከለው ፍሰት 15 ኪሎ፣ ከቱርቦው የሚወጣው ሙቀት 135 ዲግሪ አካባቢ። ይህ ነጥብ ካርታው ውስጥ ነው፤ ወደ ቀኝ ቢጠጋም ውስጥ ነው።

እኔ ብሆን ይህንን እመርጣለሁ። 130 የሚሰጥ ሞተር 255 ሲሰጥ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ፍሪሲዮኑም፣ ካምቢዮውም፣ አንተም እሱን ለመልመድ ጊዜ ያስፈልጋችኋል።

---

የዱከሙ — ጥቅምት 8

እኔ ዱከም ነኝ፣ 1,950 ሜትር ገደማ። የእኛ አየር 0.80 ባር ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልጨምር፤ የሱሉልታው ለውድድር ወደዚህ መምጣቱ ስለማይቀር።

ዌስትጌት (ግፊቱ ሲበዛ ጭሱን ከተርባይኑ ውጭ የሚያሳልፈው በር) በስፕሪንግ ነው የሚሠራው፤ ስፕሪንጉም የሚገፋው ከውጭው አየር ጋር ነው። 0.75 ባር ላይ የሚከፈት ስፕሪንግ ሱሉልታ ላይ ፍጹም ግፊቱን 1.48 ያደርጋል። ያው ስፕሪንግ ምንም ሳይነካ ዱከም ላይ 1.55 ያደርጋል። ድሬዳዋ ቢወርድ 1.63፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 1.76። ሱሉልታ ላይ ጫፉን ይዞ የተስተካከለ ሞተር ቁልቁል ሲወርድ በየኪሎሜትሩ ጫናው ይጨምራል፤ ባለቤቱ ግን ማኖሜትሩ ላይ ሁልጊዜ 0.75 ያያል።

እኔ በዚህ ሞተር አጥቻለሁ። በትንሽ ሞተር፣ በካርቡራተር፣ ቢሆንም አጥቻለሁ። ከፍታ ላይ አሳጥቼ ያስተካከልኩት ነዳጅ ቆላ ላይ አልበቃውም፤ ሁለት ፒስተን ተበሳ። ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር ፍጹም ግፊትን የሚያነብ ሴንሰር ይኑረው፤ እስከ 3 ባር የሚለካውን ውሰድ። ነዳጁም፣ የካንዴላው ሰዓትም (እሳት የሚጭርበት ቅጽበት)፣ የዌስትጌቱ ቁጥጥርም በዚያ ቁጥር ይሂዱ። ጠቋሚ ያለውን ማኖሜትር ለጌጥ ካልሆነ አትግጠመው።

---

የሱሉልታው — ጥቅምት 9

ወሰንኩ። 1.70 ፍጹም። ስፕሪንጉ 0.75፣ ቀሪውን ኮምፒውተሩ ይጨምራል። የመጀመሪያው ማርሽ ላይ ስፕሪንጉ ብቻ ይሠራል፤ የፊት ጎማው እንዳይነሣ። ፒስተን ገዛሁ፣ 9 ለ 1።

ስለ ነዳጅ ምን ትላላችሁ? ኢታኖል ማግኘት እንደሚቻል ሰምቻለሁ።

---

ስሌት — ጥቅምት 9

በመጀመሪያ ኢንጀክተር፣ ማለትም ነዳጁን የሚረጨው። 255 የፈረስ ጉልበት በቱርቦ ሲሠራ በሰዓት 70 ኪሎ ያህል ቤንዚን ይጠጣል። ለአራት ሲካፈል፣ እያንዳንዱ ኢንጀክተር ከአቅሙ 80 በመቶ እንዳያልፍ፣ በደቂቃ 490 ሲሲ ያስፈልጋል። 580 ሲሲ ውሰድ፤ ነገ ወደ 300 ብትሄድም ይበቃሃል። የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ከኢንቴኩ (ከአየር መግቢያው) ጋር በቱቦ ይገናኝ፤ ቱርቦው 1 ባር ሲገፋ የነዳጁም ግፊት 1 ባር ካልጨመረ ኢንጀክተሩ ከተጻፈበት ያነሰ ነው የሚረጨው።

ኢታኖል ለቱርቦ በጣም ጥሩ ነው። ማንኳኳትን ይቋቋማል፤ ሲተንም ከቤንዚን ከእጥፍ በላይ ሙቀት ይወስዳል። አገራችንም ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች የተገኘ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ስትቀላቅል እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ ተጀምሮ በኋላ 10 በመቶ ደርሶ ነበር። ችግሩ ሁለት ነው። ለአንድ ኪሎ ኢታኖል 9 ኪሎ አየር ነው የሚበቃው፣ ለቤንዚን 14.7፤ ስለዚህ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ድብልቁን በትክክል ሳታውቅ ብትቀዳ ሞተሩ ነዳጅ ያጥረዋል። ሁለተኛ፣ ውሃ ያለበት አልኮል ታንከሩ ውስጥ ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ፖምፓው የሚስበው ደግሞ ከታች ነው።

ስለዚህ ታንከሩ ውስጥ አትጨምረው። ከኢንተርኩለሩ በኋላ ለብቻው ርጨው፤ ግማሽ ውሃ ግማሽ ኢታኖል፣ ከ1.4 ባር ፍጹም ግፊት በላይ ብቻ። እዚያ ላይ ውሃው ራሱ ሥራ ይሠራል። ሜታኖል ግን እጅህ ላይም፣ ጋራዥህ ውስጥም አይግባ። መርዝ ነው፤ በቆዳም ይገባል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም።

---

ቶርኖ ቤት — ጥቅምት 10

ጭስ ማውጫውን ለእኔ አምጣው፤ በአርጎን እበይደዋለሁ። የምለምንህ የቱርቦውን ክብደት በቧንቧዎቹ ላይ እንዳትሰቅለው ነው። ሲግሉ ይረዝማሉ፣ ሲቀዘቅዙ ያጥራሉ፤ ክብደት ሲጨመርባቸው ብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃሉ። ቱርቦው የራሱ ቅንፍ ኖሮት ከሞተሩ ብሎክ ጋር ይታሰር፤ አንደኛው ቧንቧ ደግሞ በተንሸራታች መጋጠሚያ ይሁን።

የሁለተኛ ማርሹን ነገር አደራ። የመጀመሪያው ትውልድ ሃያቡሳ የሚታወቅ ድክመቱ እሱ ነው፤ በከባድ ጫና የማርሹ መያያዣ ጥርሶች ይሸሻሉ። ካምቢዮው አሁን ክፍት ስለሆነ ጥርሶቹን ወደ ውስጥ ዘንበል አድርገን እንሞርዳቸው፤ ጫና ሲመጣ እርስ በርስ እንዲሳሳቡ።

---

አዳማ መንገድ — ጥቅምት 10

ስለ ናፍጣ ቱርቦው ያልኩትን አነሣለሁ። ጋሼን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አንዱን ገዝቼ ነበር፣ መለስኩት።

---

የሱሉልታው — ታኅሣሥ 12

ሁለት ወር ጠፋሁ፤ በሥራ ነው። ዝርዝሩ እነሆ።

ሞተሩ ኅዳር 20 ተነሣ። መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ አወጣ፤ ልቤ ቀጥ አለ። የዘይት መሳቢያው ፖምፓ ሽቦ በግልባጭ ታስሮ ኖሮ ወደ ቱርቦው እየገፋ ነበር። ሽቦውን ገለበጥኩ፣ ጭሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠራ። ጋሼ ስለ ጽዋው ባይነግሩኝ ኖሮ ቱርቦውን ነበር የምፈታው።

ኢንተርኩለሩን በውሃ የሚቀዘቅዝ አደረግሁት። ሩጫው ጥቂት ሰኮንድ ስለሆነ ከኮርቻው ሥር ሳጥን ሠርቼ በረዶ እሞላበታለሁ።

ትናንት ዱከም ሄድን። አንድ ባለሀብት ግቢው ውስጥ ያለውን ቀጥ ያለ አስፋልት ፈቀደልን፤ በሁለቱም ጫፍ ሰው አቆምን፣ የእሳት ማጥፊያ ይዘን፣ የዱከሙም ነበር። የሙሉ ቆዳ ልብስ ለብሼ በስፕሪንጉ ብቻ፣ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይጨምር፣ በሁለተኛ ማርሽ ሦስት ጊዜ ሮጥኩ። በ10,000 ዙር ላይ የተመዘገበው ይኸው ነው፦ ፍጹም ግፊት 1.54 ባር፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር 52 ዲግሪ፣ የአየርና የነዳጅ ምጣኔ 11.6፣ ኢንጀክተሮቹ ከአቅማቸው 52 በመቶ። ማንኳኳት የለም። አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው።

ከዚያ በፊት ያለፈው ሳምንት ሱሉልታ ላይ በአጭሩ ሞክሬው ነበር። ያው ስፕሪንግ፣ ምንም አልተነካም። 1.47 ነበር።

---

የዱከሙ — ታኅሣሥ 12

ቁጥሩን በዐይኔ አይቻለሁ። ድምፁን ግን መጻፍ አልችልም። መጀመሪያ እንደ ፉጨት ነው፤ ከ6,000 በኋላ ፉጨቱ ይጠፋና ሌላ ነገር ይመጣል። በአጥሩ ላይ የተሰበሰቡት ልጆች ሦስተኛው ሩጫ ሲያልቅ ዝም አሉ።

---

ስሌት — ታኅሣሥ 12

አራት ኢንጀክተር በ580 ሲሲ፣ 52 በመቶ፦ በደቂቃ 1,206 ሲሲ፣ በክብደት 0.89 ኪሎ ቤንዚን። በ11.6 ሲባዛ 10.35 ኪሎ አየር። ከግፊቱና ከሙቀቱ ተነሥቼ ደግሞ ሳሰላው 10.2 ይመጣል። በሁለት የተለያየ መንገድ ተሠርቶ በዚህ መጠን መቀራረቡ ሴንሰሮችህ እውነት እንደሚናገሩ ያሳያል። ወደ 225 የፈረስ ጉልበት ላይ ነህ፤ ያውም በስፕሪንግ ብቻ።

52 ዲግሪው ግን ካሰብነው 45 በላይ ነው። የውሃውን ፖምፓ ፍሰት ለካው። ወደ 1.70 የምትወጣው እሱ ከተስተካከለ በኋላ፣ በየ0.05 ባር፣ በየደረጃው ካንዴላ እያየህ ይሁን። የካንዴላውን ሰዓት በየደረጃው አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይዘህ ጀምር፤ ሞተሩ ከወደደው ትመልስለታለህ።

---

የሱሉልታው — ታኅሣሥ 14

ፖምፓውን ለካሁት። በደቂቃ 9 ሊትር ብቻ ነው፤ ሻጩ 20 ብሎኝ ነበር። ሌላ አዝዣለሁ። ሲመጣ 1.60 ላይ እጀምራለሁ፣ ቁጥሮቹንም እዚሁ አሰፍራለሁ።

እህቴ ስሌት፣ ያቺን ከካርታው ውጭ የወደቀች ነጥብ ያለችበትን ወረቀት ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጥፌያታለሁ።